ሳይጠሯቸው አቤት የሚሉ ጥንቸሎች

የቪዲዮ ጌም ጭራቅ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አለው። ልዕልት ይጠልፋል፣ ከተማ ያቃጥላል፣ «ዓለምን ካልገዛሁ» ይላል። ራቢድ ግን ሥራ ፈት ነው። ነጭ ነው፤ ጆሮው ረጅም፣ የፊት ጥርሱ ገጣጣ፣ ዐይኑ የፈጠጠ፣ ጥንቸል ይሁን ሌላ ነገር በቅጡ የማይለይ ፍጡር። ያየውን ይነካል፤ የነካውን ይሰብራል፤ ከሰበረ በኋላ እጆቹን ሽቅብ ሰቅሎ «ብዋአአአህ!» ብሎ ይጮሃል። ደስ ብሎት ይሁን ደንግጦ አይታወቅም። ክፉ ነው እንዳይባል ቂም አይዝም፤ የዋህ ነው እንዳይባል በደረሰበት ሁሉ የሚተርፍ ዕቃ የለም።

የፈረንሳዩ ጌም ሠሪ ዩቢሶፍት ይህን ፍጡር ለዓለም ካስተዋወቀ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ራቢድ አንድም ቁም ነገር አልተማረም። ሀብቱም ይኸው ነው።

*

አመጣጡ ራሱ ሳይጠሩት አቤት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሬይማን የሚባል እጅና እግሩ ከአካሉ ጋር ያልተያያዘ፣ ግን እንደልቡ የሚሮጥና የሚዘል ጀግና ነበር። ሚሼል አንሴል የፈጠረው፣ በ1995 የተጀመረ፣ በዝላይ ጌሞች ዓለም የተከበረ ስም። አራተኛው ትልቅ ጌም ሲታሰብ ጠላት ያስፈልግ ነበርና በመንጋ የሚመጡ ጥንቸሎች ተሳሉ። መጀመሪያ ላይ ከቀልድ ይልቅ ለማስፈራት የቀረቡ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን ኒንቴንዶ በእጅ እየተወዛወዘ የሚታዘዝ ሪሞት ያለውን «ዊ» የተባለ ኮንሶል ሊያወጣ ነበር። ሐሳቡ ተገለበጠ። ትልቁ ጀብዱ ቀረና ሪሞቱን በማወዛወዝ የሚሠሩ የትንንሽ ጨዋታዎች ስብስብ ሆነ። «ሬይማን ሬቪንግ ራቢድስ» ኅዳር 2006 ላይ ከኮንሶሉ ጋር አብሮ ገበያ ወጣ።

ታሪኩን ልብ በሉ። ሬይማን ከሕፃናት ጋር ሜዳ ላይ ምሳ ይዞ ተቀምጧል። ጥንቸሎቹ ከመሬት ውስጥ ይወጣሉ፤ ልጆቹን ይወስዳሉ፤ እሱንም ያስሩታል። ከዚያ በኋላ ጀግናው በየቀኑ ከእስር ቤቱ እየወጣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ጥንቸሎቹን ለማዝናናት ይፈተናል። ላም በሰንሰለት አሽከርክሮ ይወረውራል፣ ይጨፍራል፣ ይተኩሳል። ተመልካቾቹ ጥንቸሎች ናቸው። መጀመሪያ ይጮሁበታል፤ በኋላ ያጨበጭቡለታል። በራሱ ስም በተሰየመ ጌም ውስጥ የሰው አጫዋች ሆኖ የተቀጠረ ጀግና ከሬይማን በፊት አይቼ አላውቅም።

*

ከመጀመሪያው ጌም አንዱን ጨዋታ ብቻ ልግለጽ። ጥንቸሎቹ የጠላቂ ዋናተኛ መነጽርና የአየር ቱቦ አድርገው ወደ እናንተ ይሮጣሉ። በእጃችሁ ያለው መሣሪያ ጥይት የለውም፤ የሚረጨው የካሮት ጭማቂ ነው። በግራ እጅ የያዛችሁትን መቆጣጠሪያ ላይና ታች እየናጣችሁ ጭማቂውን ታጠራቅማላችሁ፤ በቀኝ እጅ አነጣጥራችሁ ትረጫላችሁ። ጭማቂው መነጽራቸው ውስጥ ቀስ እያለ ይሞላል። ብርቱካናማው ፈሳሽ አገጫቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ከዚያ ዐይናቸውን ይሸፍናል። እነሱ ግን መሮጣቸውን አያቆሙም። ዐይናቸው እስኪሸፈን ድረስ በደስታ ያፈጣሉ።

አሁን ይህን ጭካኔ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ጨዋታው የተሠራው ጥንቸሉ እንዳይታዘንለት ተደርጎ ነው። መከራው መከራ አይመስለውም። የሚያስቀው ይኸ ነው።

*

የርዕሶቹን ቅደም ተከተል መመልከት ብቻ ይበቃል። በ2006 የሬይማን ስም ከፊት፣ የጥንቸሎቹ ከኋላ። በ2007 እንደዚያው። በ2008 እንደዚያው። በ2009 የወጣው «ራቢድስ ጎ ሆም» ላይ ሬይማን የለም። ርዕሱ ላይ የለም፤ ታሪኩ ውስጥም የለም። ተከራይ አከራዩን አስወጥቶ በሩ ላይ የራሱን ስም ለጠፈ።

የሬይማን ወዳጆች በዚህ ክፉኛ ተከፍተዋል፤ ዛሬም ያልበረደላቸው አሉ። እፈርድላቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ከቤት ያስወጣው ጥንቸሉ ብቻ አይደለም። ሰው ከጀግናው ይልቅ ረባሹን ማየት መርጦ ገንዘቡን ከፍሏል።

*

«ራቢድስ ጎ ሆም» ግን በራሱ ቆሞ ሊመሰገን ይገባዋል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ጥንቸሎቹ ጨረቃን አይተው «ቤታችን ያ ነው» ብለዋል። እንዴት ይደረስ? ዕቃ ቆልሎ ቆልሎ እስከ ጨረቃ። ስለዚህ የሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ከተማ ይገባሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ጋሪው ላይ ይጭናሉ። ሰዎች ላይ «ብዋህ» ብለው ሲጮሁ የለበሱት ልብስ ከላያቸው ተነቅሎ ይወድቃል፤ እሱም ወደ ጋሪው። ሰዎቹ በውስጥ ልብስ ይሸሻሉ። ሆስፒታል ቢሆን፣ ቢሮ ቢሆን፣ አውሮፕላን ማረፊያ ቢሆን ለጋሪው ልዩነት የለውም።

ከጀርባ የሚሰማው የነሐስ ባንድ ነው፤ እንደ ሰርግ ሙዚቃ የሚያጣድፍ፣ ትንፋሽ የማይሰጥ። ይህን ጌም ሙዚቃውን ዘግቶ የሚጫወት ሰው ጋሪ ብቻ ነው የሚገፋው።

የገበያ ማዕከል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጋሪ የሚገፉ፣ የሚጭኑት ለምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች አይቻለሁ። እነሱ ግን ጨረቃ ላይ ለመድረስ አላሰቡም።

*

ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዙ። በውስጡ ገብተው በታሪክ ዘመን ሁሉ ይሽከረከራሉ። ከዚያ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም በ2013፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ፑዋቲዬ አጠገብ ባለው ፉቱሮስኮፕ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ የራሳቸው መጫወቻ፣ ከዚያ አሻንጉሊት፣ ከዚያ ስልክ ላይ የሚሠሩ ጌሞች። በ2022 ደግሞ የቻይናውን የዝንጀሮ ንጉሥ ተረት ተከትለው ወደ ምዕራብ ተጉዘዋል። አብዛኛው የሚረሳ ነው። ድርጅቱ ላሚቱን እስክትደርቅ አልቧታል።

*

ሰው ራቢድን ሲያይ «የሚኒየኖቹ ኮፒ ነው» ይላል። ሚኒየኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ላይ የታዩት በ2010 ነው። ጥንቸሎቹ በዚያን ጊዜ አራት ዓመታቸው ነበር። ማን ከማን ወሰደ አልልም፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው የምናገረው።

*

በእኛ ተረት ውስጥ ተንኮል የጦጣ ነው። ጦጣ ግን ዓላማ አላት። አንበሳን የምታታልለው ልትተርፍ ነው፤ ዝንጀሮን የምታሞኘው ልትበላ ነው። ተረቱ ሲያልቅ የተንኮሏ ዋጋ ይታወቃል፤ ወይ ታተርፋለች ወይ ትዋረዳለች። ራቢድ አያተርፍም፤ አይዋረድምም። ያፈረሰውን ትቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍጡር «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚባልበት ቦታ የለም፤ የሚያልቅ ታሪክ የለውምና።

ለዚህ ነው ብቻውን ሲሆን የሚሰለቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ራቢድን ብቻ ማየት አልችልም። ልቡን የሚያወልቁት፣ ሥርዓት ያለው፣ ከልቡ የሚሠራ ሰው አጠገቡ ሲቆም ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሬይማን ያ ሰው ነበር። ሬይማን ከወጣ በኋላ ጥንቸሎቹ የሚያናድዱት ሰው ለስምንት ዓመት ያህል አጡ።

*

ከዚያ ማሪዮ መጣ።

በ2017 ጸደይ ላይ ወሬው ሾለከ። ኒንቴንዶ የታወቀውን ጀግናውን ማሪዮን ለዩቢሶፍት አውሶታል፤ ከራቢዶች ጋር ሊያጋጥመው ነው፤ ማሪዮም መሣሪያ ይዟል። ምስሉ የደረሰው ሁሉ ሳቀ፤ የሳቁም ዓይነት ደግ አልነበረም። ለአርባ ዓመት ያህል እንደ ዐይን ብሌን የተጠበቀን ገጸ ባሕርይ ለእነዚህ ጥንቸሎች አሳልፎ መስጠት እንደ ድፍረት ተቆጠረ።

በሰኔ ወር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተደረገው ኢ3 የተባለ የጌም ትርኢት ላይ የማሪዮ አባት ሺጌሩ ሚያሞቶ ራሱ ከዩቢሶፍቱ አለቃ ከኢቭ ጊሞ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ሁለቱም ክንዳቸው ላይ የጌሙን መድፍ መሰል መሣሪያ አጥልቀው። ሚያሞቶ ከመድረክ ሆኖ ታዳሚው መካከል የተቀመጠውን የጌሙን ዋና አዘጋጅ ዳቪዴ ሶሊያኒን ሲያነሣው ካሜራው ወደ ሰውየው ዞረ። ጣሊያናዊው ዐይኑን ጠርጎ አልጨረሰም፤ እንባው ይወርዳል።

የጌም ማስታወቂያ ብዙ አይቻለሁ። ብዙ ጭስ፣ ብዙ መብራት፣ ብዙ «ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ»። የዚያን ዕለት ሰውን ያሳመነው ግን ከሚላን የመጣ አንድ ሰው ማልቀሱ ነው። በማግስቱ ሲስቁ የነበሩት «ይሄ ሰው እንዲህ የሚያለቅስለት ጌም እስቲ ይታይ» ማለት ጀመሩ። ነሐሴ 29 ቀን 2017 «ማሪዮና ራቢድስ» ወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ በጌም አዋርድስ ሥነ ሥርዓት ላይ የምርጥ ስትራቴጂ ጌም ሽልማትን ወሰደ።

*

ታሪኩ የሚጀምረው አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቱ ፈጣሪ ናት፤ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ የሚያዋሕድ መነጽር ሠርታለች። ግድግዳዋ ላይና መደርደሪያዋ ላይ የማሪዮ ዕቃ ሞልቷል። ወጣ ስትል ራቢዶቹ በማጠቢያ ማሽናቸው ከተፍ ይላሉ። አንዱ መነጽሩን ያጠልቃል፤ ያየውን ሁሉ ከሌላው ጋር ማጋባት ይጀምራል። ራቢዱን ከዊግ ጋር፣ ራቢዱን ከኮፍያ ጋር። በመጨረሻ ማሽኑ ራሱ ሲመታ ሁሉም ተጠቅልለው ማሪዮ አገር ይወድቃሉ።

ሁለት የማይጣጣሙ ዓለማት የሚገናኙባቸው ጌሞች ብዙውን ጊዜ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። ጀግኖቹ ለምን ተገናኙ? «በር ተከፈተ» ይባላል፤ አለቀ። እዚህ ግን መልሱ ከፍጡሩ ጠባይ ይወጣል። ያልነካው ነገር የለም፤ ሊነካ የማይገባውን ነካ፤ ዓለም ተደባለቀ። ራቢድ ባይኖር ታሪኩም አይኖርም።

*

ሌላ ነገር ልጨምር። በዚህ ጌም ውስጥ ማሪዮ እንደልቡ አይዘልም። ዝላይ እንጀራው የሆነ ሰው ከቦታ ቦታ የሚሄደው በእግሩ ነው። መዝለል የሚችለው ጦርነት ውስጥ ነው፤ ያውም ጓደኛው እጁን አነባብሮ ሲያወረውረው ብቻ።

ጦርነቱ ተራ በተራ ነው፤ እንደ ቼዝ። ሦስት ሆናችሁ ትገባላችሁ። ከድንጋይ ወይም ከግንብ ጀርባ ትጠለላላችሁ። ጠላት ሙሉ በሙሉ ከተከለለ ጥይታችሁ አያገኘውም፤ ግማሽ አካሉ ከተከለለ የመምታት ዕድላችሁ 50 በመቶ፣ ሜዳ ላይ ከቆመ 100 በመቶ ነው። በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ 93 በመቶ ተብሎ ስቶ ያበደ ሰው ይህ ቅንነት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እስቲ አንድ ተራ እንጫወት። ልዊጂን የተመሰለው ጥንቸል ራቢድ ልዊጂ ከግንቡ ጀርባ ወጥቶ በሆዱ እየተንሸራተተ አንዱን ጠላት ከእግሩ ሥር ይመታዋል፤ በመታው ጊዜ ነፍሱን ትንሽ ይመጠዋል። ወደ ሌላ መሸሸጊያ ይገባል። ማሪዮ ወደ እሱ ሮጦ በእጁ ላይ ይረግጥና ይወረወራል፤ ከሰማይ ወርዶ የሁለተኛውን ጠላት ራስ ይረግጣል፤ ከዚያ ሸሽቶ ሦስተኛው ላይ ይተኩሳል። በአንድ ተራ ሦስት ጠላት። ይህን ሁሉ በእርጋታ አስባችሁ ስታደርጉት፣ ራቢድ ልዊጂ መጨረሻ ላይ ቆሞ ጥርሱን ያወጣል። ስሌቱ የእናንተ ነው፤ ክብሩን የሚወስደው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ትንሽ ሕግ ናት። ቡድናችሁን ስትመርጡ ማሪዮ ግዴታ ነው፤ ቢያንስ አንድ ራቢድም ግዴታ ነው። ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ማነቆ ያየዋል። እኔ የጌሙ ልብ ያለችው እዚህ ነው እላለሁ። ቁም ነገረኛው ያለ ረባሹ፣ ረባሹም ያለ ቁም ነገረኛው ወደ ጦር ሜዳ አይወጣም።

*

ራቢድ ፒች። ወርቃማ ዊግ ያደረገች፣ የልዕልት ፒችን ልብስ የለበሰች ጥንቸል። የልዕልቲቱ ጨዋነት አንዲትም የላትም። ጭራቅ ወድቆ አቧራው ሳይበርድ ስልኳን አውጥታ ሰልፊ ትነሣለች። ማሪዮን ትወደዋለች፤ እውነተኛዋን ፒች ግን ዐይኗን ማየት አትፈልግም። ቁስለኛ የምታክመውም እሷ ናት፤ ጓደኞቿን ስታድን እንኳ ውለታ የምትቆጥር ይመስላል።

ስምንት ጀግኖች ካሉበት ጌም ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እሷን ነው። ልዕልት ፒች በስንት ጌም ውስጥ ተጠልፋ ስትጠብቅ ኖራ ያላገኘችውን እሷ በአንድ ጌም አገኘች።

*

የጌሙ ሦስተኛ ዓለም መጨረሻ ላይ ያለው ዋና ጠላት የኦፔራ መንፈስ ነው። ራቢድ የሆነ ትልቅ፣ ወፍራም፣ መድረክ የሚወድ መንፈስ። ከመዋጋቱ በፊት ይዘፍናል። የሚዘፍነውም ማሪዮን እየሰደበ ነው። ኪርክሆፕ የተባለው ብሪታኒያዊ አቀናባሪ የሠራው እውነተኛ የኦፔራ ዜማ ላይ የቧንቧ ሠራተኛው የማሪዮ ጢምና ሙያ ይብጠለጠላል። ማሪዮ ቆሞ ይሰማል። ኒንቴንዶ በራሱ ጌም ውስጥ ማሪዮን እንዲህ የሚሰድብ ሰው ሲያስገባ አላየሁም። እንግዳ ሲመጣ ይቻላል፤ የቤቱ ልጅ ቢለው ግን ነውር የሚሆን ነገር አለ።

*

የራቢዶች ጥንታዊ መሣሪያ ምን ነበር? የተዘጋ ሽንት ቤት የሚከፈትበት፣ የእንጨት እጀታ ያለው ጎማ። በመጀመሪያው ጌም ሬይማን በየፈተናው የሚሸለመው ይህንኑ ነው፤ ግድግዳ ላይ እየለጠፈ መሰላል ሠርቶ በመስኮት አመለጠ። ማሪዮ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰዎች የሁለቱን መገናኘት «የማይገናኝ ነገር» ሲሉ የሙያ ዝምድናቸውን ረስተውታል።

*

ሁለተኛው ጌም «ስፓርክስ ኦፍ ሆፕ» ጥቅምት 20 ቀን 2022 ወጣ። በሁሉም መለኪያ የተሻለ ነው ሊባል ይችላል። ካርታው ሰፊ ነው፤ ጦር ሜዳው ላይ እንደ ቼዝ ከሳጥን ሳጥን መሄድ ቀርቶ በነፃነት መሮጥ ይቻላል፤ ሙዚቃው ላይ ዮኮ ሺሞሙራና ጋሬት ኮከር ተጨምረዋል። እሱም በዓመቱ ሽልማቱን አላጣም።

እኔ ግን ቅር ብሎኛል። ምክንያቴ ሁለት ነው፤ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ራቢዶቹ መናገር ጀመሩ። ራቢድ ማሪዮ ይፎክራል፣ ራቢድ ፒች ትቀልዳለች፣ አዲሷ ኤጅ እንደ አክሽን ፊልም ጀግና ትናገራለች። ንግግሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን የሚጮህ ፍጡር ሲናገር ከሰው እኩል ይሆናል፤ ሰው የሆነ ረባሽ ደግሞ ባለጌ ነው። «ብዋአአአህ» ውስጥ የነበረው ንጽሕና በዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም። ደግሞም ጩኸት አስተርጓሚ አይፈልግም ነበር። የቴሌቪዥኑን ተከታታይ ፊልም የየትም አገር ሕፃን ሳይተረጎምለት የሚስቅበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ያቺ ሕግ ቀረች። አሁን የፈለጋችሁትን ሦስት መምረጥ ትችላላችሁ። ሦስት ቁም ነገረኛ፣ ወይም ሦስት ረባሽ። ተጫዋቹ ነፃነት አገኘ፤ ጌሙ ግን ያንን ግዴታ የነበረ ጋብቻ አጣ። ብዙ ተጫዋች ይህን እንደ መሻሻል ይቆጥረዋል። ይቁጠረው።

ከጥንቸሎቹ ወገን አንዷን ላድንቅ፤ ራቢድ ሮዛሊና። የምትሰለች፣ የምታዛጋ፣ ሥራ የሚባል ነገር ከሩቅ ሲመጣ የሚደክማት። ግን መትረየስ ይዛለች። ቃል ባትናገርም ትዘልቃለች።

*

ጥር 2023 ላይ ዩቢሶፍት መጥፎ ዜና ይዞ መጣ። ገና ያልተገለጡ ሦስት ጌሞች ተሰርዘዋል፤ ሁለት ጌሞች ደግሞ እንደተጠበቀው አልተሸጡም። ሁለቱ እነማን ናቸው? አንዱ «ስፓርክስ ኦፍ ሆፕ»። ሌላው የዚያ ዓመት «ጀስት ዳንስ»።

«ጀስት ዳንስ» ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በ2008ቱ የራቢዶች ጌም ውስጥ የነበረ የጭፈራ ጨዋታ ነው። ሰው ሌላውን ትቶ እሱን ብቻ ደጋግሞ ሲጫወት ታየና በ2009 ራሱን ችሎ ወጣ፤ የድርጅቱ ትልቅ እንጀራም ሆነ። ስለዚህ በዚያ መግለጫ ላይ የተወቀሱት ሁለቱም የእነዚያው ጥንቸሎች ልጆች ናቸው። መግለጫውን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን አስተውለው ይሁን አይሁን ልጠይቃቸው እወዳለሁ።

ጊሞ በኋላ የሰጠው ማብራሪያ ግልጽ ነው። በአንድ ኮንሶል ላይ ሁለት ተመሳሳይ ጌም አወጣን፤ የኒንቴንዶ ጌም ደግሞ በየዓመቱ መሸጡን ስለማያቆም አንደኛው ሁለተኛውን ተሻማው፤ ቀጣዩን ኮንሶል መጠበቅ ነበረብን አለ። ኒንቴንዶም ለአንድ ኮንሶል አንድ ይበቃል የሚል ምክር ነበረው። የነጋዴ ስሌት ነው፤ ስሕተት አልልም። ሆኖም የመጀመሪያው ጌም ሰውን የገዛው ማንም ያልጠበቀው ነገር ስለነበረ ነው። ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ በሁለተኛው ጊዜ ግብዣ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ያው እንግዳ አይደለም።

*

ነሐሴ 2023 ላይ ለሁለተኛው ጌም ተጨማሪ ክፍል ወጣ፤ ለብቻው የሚገዛ። እንግዳ ጀግናው ማን ነው? ሬይማን። አብረውት የሚዋጉት ራቢድ ፒችና ራቢድ ማሪዮ ናቸው፤ ያ ኦፔራ የሚዘፍነው መንፈስም አለ። በ2006 በስሙ በተጠራ ጌም ውስጥ ሜዳ ላይ ያስጨፈሩት ፍጡራን ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በራሳቸው ቤት፣ በማሪዮ ድግስ ላይ ወንበር ሰጡት። ሬይማን አሁንም ይዘላል፤ አሁንም ደስ ይላል። ቂም እንደሌለው ያስታውቃል። ወዳጆቹ ግን አላቸው።

*

ሶሊያኒም ዩቢሶፍትን ለቅቋል። ሃያ አምስት ዓመት ከቆየበት ወጥቶ ሚላን ውስጥ ከሌሎች ጋር የራሱን ስቱዲዮ አቋቁሟል። ሦስተኛ «ማሪዮና ራቢድስ» ቢመጣ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው።

*

አዲስ አበባ ውስጥ ጌም ማለት ኳስ ነው። በየሰፈሩ ያሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ ገብታችሁ ብትቆሙ የምትሰሙት የኮሜንታተር ድምፅና «ፔናሊቲ ነው!» የሚል ክርክር ነው። ኒንቴንዶ እዚያ ቤት የለውም። ስለዚህ እነዚህን ጥንቸሎች የሚያውቅ ልጅ ያያቸው በዩቲዩብ ነው፤ ወይም ውጭ አገር ያሉ ያጎቱ ልጆች ለበዓል ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ስዊች የተባለውን የኒንቴንዶ ኮንሶል ይዘው መጥተዋል። ተራ በተራ የሚሄድ፣ አስቦ የሚንቀሳቀስ ጌም ለፕሌይስቴሽን ቤት ንግድም አይመችም፤ አንድ ጦርነት ሃያ ደቂቃ ሲፈጅ ከኋላ ተሰልፎ የሚጠብቀው ማን ነው?

*

ስዊች ቤታችሁ ካለና ከልጅ ጋር የምትጫወቱት ነገር ከፈለጋችሁ የ2017ቱን ግዙ። በየጊዜው ዋጋው በጣም ይወርዳልና ያን ጊዜ ጠብቁ። ማንበብ የሚችል ልጅ ያስፈልጋል፤ ቶሎ የሚናደድ ልጅ ከሆነ «ቀላል» የሚለውን ምርጫ ከፍታችሁ ጀምሩ፤ የሎጂክ እንቆቅልሾቹን ለእሱ ተዉለት። ሁለተኛው ጌም የመጀመሪያውን ለጨረሰ ሰው ነው። የሬይማንን ተጨማሪ ክፍል የሬይማን ወዳጅ ካልሆናችሁ ተዉት። የሌሎቹን የራቢድ ጌሞች፣ ከ«ራቢድስ ጎ ሆም» በስተቀር፣ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ ጊዜያችሁን አታባክኑባቸው።